ካፒቴኑ «አየር አለቀ» ባለ ጊዜ

ረዲያ ጓጉንቸሩን ከፍታ የኮንቴይነሩን በር ስትስብ፣ ኦብሳ በሩን ተደግፎ ኖሮ ከነብርማ ልብሱ እግሯ ስር ተዘረረ። በረንዳው ላይ የነበሩት አጨበጨቡለት። አወዳደቁ አምሮባቸው ነው። ረዲያ ግን ፊቱን ከቅርብ አየችው። ጉንጩ ቀልቷል፤ ዓይኑ ማንንም አያይም።

«ተነስ እንጂ፣ አለቀ» አለችው። ከዚያ አንገቱን ዳሰሰች። «ኢና ሊላሂ» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

ጭብጨባው በየተራ ቆመ። መጨረሻ ላይ ሲያጨበጭብ የቀረው የእህቱ የፌኔት እጅ ነበር።

ነገሩ ሲጀመር ጨዋታ ነበር። ጭሮ ውስጥ ስለ ጠፈርና ስለሚመጣው ዘመን የሚጻፍ ልቦለድ የሚወዱ ስድስት ወዳጆች ነበሩ። ያነበቡትን ሲያወሩ ኖረው ዘንድሮ፣ ለምን በየከተማው ያሉትን ብጤዎቻችንን ጠርተን ቅዳሜና እሑድን አብረን አናሳልፍም ተባባሉ። ሐሳቡን ያመጣው ኦብሳ ነው፤ የፊዚክስ መምህር፣ ቀልደኛ፣ ሰው ወዳድ። እህቱ ፌኔት ልብሱን ትሰፋለች። ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ኢዮስያስ መብራቱንና ድምፁን ያበጃል። ጫት ነጋዴው በክሪ በሐረር መንገድ ዳር ያለውን ሰፊ ግቢውንና አሮጌ ኮንቴይነሩን ሰጣቸው። ፋርማሲ የምትሠራው ረዲያ እንግዶቹን ትጠራለች። የሚተወነውን ቃል የሚጽፈው ደግሞ ደበሌ ነበር። ደበሌ ውኃ ስለጠፋባት ፕላኔት በጻፈው ታሪክ ተሸልሞ፣ ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ እጁን የሚጨብጠው ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያኑም የመዘምራን መሪ ነው።

መርሐ ግብር ማውጣቱ ራሱ ሳቅ ነበር። ደበሌ እሑድ ጠዋት ለአምልኮ ይለቀቅ ሲል፣ ኦብሳ ማርስ ላይም እሑድ አለ ወይ ብሎ አሳቀበት። በክሪ በበኩሉ ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ የበርጫ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጫቱን ሳይቅም ማርስ የሚሄድ ሰው ጭሮ ውስጥ አይገኝም ብሎ ተከራከረ። የልብሱ ትርኢት፣ ንባቡ፣ የሥዕሉ ውድድር ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ቅዳሜ ጠዋት ላይ ብቻ ኦብሳ ስም የሌለው ጊዜ ተወ። ምንድን ነው ሲሉት ከገለምሶ እንግዳ ትመጣለች ብቻ አለ።

የዝግጅቱ ዋና ግን መርከቡ ነበር። ኮንቴይነሩን ብርማ ቀለም ቀቡት። እንግዶች በተራ ይቆለፍባቸዋል። አየር የሚገባላቸው ኢዮስያስ ከኋላ በገጠመው ማራገቢያና ረጅም የጎማ ቱቦ ነው። ካፒቴኑ «አየር አለቀ» እያለ በሩን ይደበድባል፣ ውጪ ያለው ሰው ይጨነቃል፣ በመጨረሻ በሩ ይከፈታል። ረዲያ «የመሬት ጣቢያ» ተብላ ቁልፉን ያዘች። ደበሌም ሁሉም እየሰሙ ደጋግሞ መከራት፤ ምንም ብሎ ቢጮህ እንዳትከፍቺ፣ ሰው ሲጨነቅ ነው ጨዋታው የሚያምረው አላት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ኦብሳ ለሙከራ ገባ። መብራት ስለማይታመን በጄኔሬተር ነበር የሞከሩት። ጮኸ፣ ደበደበ፤ እነሱም ሳቁ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታውም በደበሌ ጽሑፍ ውስጥ ነበረ።

ኢንስፔክተር አባይነሽ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሱ ሴት ናቸው። መጥተው የኦብሳን ፊት አዩ፤ ከኮንቴይነሩ ጀርባ ዞረውም ብዙ ቆዩ። ሲመለሱ ጣታቸው ጠቁሮ ነበር። የግቢው በር ከውስጥ ተቀርቅሮ እንደነበር አረጋገጡና አምስቱንም በግቢው ወዳለው አዳራሽ አስገቧቸው።

«ይህን ልጅ የገደለው ጭስ ነው» አሉ። «የቱቦው አፍ ጠቁሯል፣ ጎማው ቀልጧል። አንድ ሰው ከጄኔሬተሩ ማርሚታ፣ ከጭስ መውጫው ጋር ካገናኘው በኋላ መልሶ ቦታው አኑሮታል። ነገሩ ሳይለይ ከዚህ የሚወጣ የለም።»

በሩ ተዘጋ፤ ፖሊስ ቆመበት። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። የአዳራሹ መስኮቶች ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፤ ብረትም አላቸው። ረዲያ ግድግዳውን ባየች ቁጥር ትንፋሿ ያጥርባት ነበር። እሱም እንዲህ ነበር የሆነው፣ ትላለች በሆዷ።

ኢንስፔክተሯ እያንዳንዱን ጠየቁ። ኢዮስያስ ጄኔሬተሩን ካስነሳ በኋላ ከመብራት ማብሪያው አልተለየም፤ ፌኔት በረንዳው ላይ ስትሰፋ እሱን አይታዋለች፣ እሱም እሷን። በክሪ ጓዳው ውስጥ ለብቻው ሲቅም ነበር። ረዲያ ደግሞ ኦብሳ እንደገባ ቆልፋበት የአስር ሶላት ለመስገድ ወደ ኋላ ክፍል ሄዳ ነበር። ሰግዳ ስትመለስ ነው ጩኸቱ የጀመረው። ስትሰግድ ያያት ሰው የለም።

በክሪ ጎሮሮውን ጠረገ። «ዝም ብል ወላሂ ኅሊናዬ አይፈቅድም። ረዲያ ኦብሳን አንድ ቀን እዚያው ቆልፌብህ እሄዳለሁ ስትለው ሁላችንም ሰምተናል።»

«ቀልድ ነበር እኮ በክሪ። አንተም ስቀሃል።»

«ስቄያለሁ» አለ በክሪ አንገቱን ደፍቶ።

ኢንስፔክተር አባይነሽ ወደ ረዲያ ዞሩ። «በሩ ላይ ሆኖ ምን አለ ልጄ?»

«የተጻፈለትን።»

«ሌላ የለም?»

«የለም።»

ዋሸች። ከተጻፈለት ውጪ አንድ ቃል ነበረ። ጽሑፉ «የመሬት ጣቢያ» ብለህ ጥራ ነው የሚለው፤ ኦብሳ ግን መጨረሻ ላይ «ረዲያ» ብሎ በስሟ ጠርቷታል። ሰምታለች፤ ልቧም ደንገጥ ብሎ ነበር፤ ግን ምክሩን አስታውሳ ሳቀች። አሁን ይህን ብትናገር ቁልፉን የያዘችው፣ የዛተችው፣ ስሟን ሰምታ ዝም ያለችው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ያለው እስር ቤት ነው።

ተራው የደበሌ ሆነ። ብዙ ተለመነ። በመጨረሻ «የማፍርበትን ነው የምነግርዎ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ዕቃ ቤት ገብቼ ጫት እየቃምኩ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቢሰማ ከመዘምራን ያወጡኛል።»

ኢዮስያስ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። አብረው ነው የሚዘምሩት። «ደበሌ፣ አንተ?» አለው።

ፖሊሱ ዕቃ ቤት ተልኮ ቅጠሉ ተለቅሞ ያለቀ የጫት እንጨት፣ ሰው ገራባ የሚለውን፣ በጆንያ ላይ ይዞ መጣ። ፌኔትም ደበሌ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲገባ አይታለች፤ በዚያ በር የወጣው ግን ሬሳው ከወደቀ በኋላ ነው። ረዲያ አዘነችለት። ራሱን የሚያዋርድ ውሸት ማን ይዋሻል? ሁሉም አመኑት።

ሲመሽ ኢንስፔክተሯ በትልቅ ትሪ ሩዝ በሥጋ አስመጡላቸው። ፌኔት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ኢዮስያስ ጸለየና ጥቂት ቀመሰ። በክሪ የጫቱ ምርቃና እንዳልለቀቀው፣ ምግብ አፉ ውስጥ አሸዋ እንደሚሆንበት ተናግሮ ሻይ ብቻ ጠጣ። ደበሌ ማንኪያ ጠየቀ። በሁለት ጣቱ ጫፍ እየያዘ የራሱን በላ፣ የበክሪንም በኩል ጨረሰ። ኢንስፔክተር አባይነሽ ጥግ ላይ ሆነው፣

«ብላ ልጄ፣ በርታ» አሉት።

ረዲያ ሰው በዚህ ቀን እንዴት ይበላል ብላ ተገረመች እንጂ ሌላ አላሰበችም። ሌሊቱን ወንበር ላይ ተቀምጣ አነጋች። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላው ቀና ብሎ ያየዋል።

ጠዋት ከገለምሶ በመጣ ሚኒባስ አንዲት ነጠላ የደረበች ሴት ወረደች። እፀገነት እባላለሁ፣ ኦብሳ ጠርቶኝ ነው አለች። ኢንስፔክተሯ ለብቻዋ አነጋግረዋት ይዘዋት ገቡ፤ ሁሉንም በክብ አስቀመጡ።

«ደበሌ» አሉ በዝግታ። «ትናንት ምን ያህል ቃምክ?»

«አንድ ዙርባ፣ አንድ እስር ሙሉ። ከምሳ ጀምሮ።»

«በክሪ፣ ሥራህ ነውና አንተን ልጠይቅ። አንድ ዙርባ የጨረሰ ሰው ሲመሽ እራት ይበላል?»

በክሪ ደበሌን አየው፤ ባዶውን ትሪ አየው። «አይበላም» አለ ቀስ ብሎ። «ያልለመደማ ምግብ ማየትም አይፈልግ። አንተ የኔንም በልተሃል እኮ።»

«ገራባውስ?»

«እኔ ቅሜ የጨረስኩትን ጓዳዬ ደጃፍ ላይ ነው የምጥለው። ማንም ያነሳዋል።»

«አየህ ልጄ» አሉ ኢንስፔክተሯ። «ሰው ሲዋሽ ራሱን ያሳምራል። አንተ ብልህ ነህና ራስህን አቆሽሸህ ዋሸህ፤ ነውሩን የሚናዘዝን ሰው ማንም እንደማይጠራጠር ታውቃለህ። ግን ጫት ቅመህ ስለማታውቅ ረሃብ እንደሚዘጋ ሆድህ አልነገረህም። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ካልቃምክ ለምን ገባህ? የኋላ መስኮት አለው። ረዲያ ስትሰግድ በዚያ ወጥተህ ቱቦውን አገናኘህ። ዝም ሲል ደግሞ ወጥተህ አላቀቅኸው።»

«ሰው ሲጨነቅ ይበላል» አለ ደበሌ። «ይህ ማስረጃ ነው?»

«አይደለም። ሩዙን ኢዮስያስ በእጁ ሲቀምስ አንተ ማንኪያ ጠየቅህ። ቱቦውን ስታላቅቅ ማርሚታው ግሏል። ቀኝ እጅህን ዘርጋው።»

ደበሌ አልዘረጋም። አጠገቡ የነበረው ኢዮስያስ እንደ ወንድም ቀስ ብሎ ጣቶቹን ከፈተለት። መዳፉ ቆስሎ ውኃ ቋጥሯል።

«ለምን?» አለችው ፌኔት። «ወንድሜ ምን አደረገህ?»

ኢንስፔክተሯ ወደ እንግዳዋ ዞሩ፤ ታሪክሽን ንገሪያቸው አሏት። እፀገነት ውኃ ስለጠፋባት ፕላኔት፣ የመጨረሻውን ጠብታ ለጠላቷ ልጅ ስላጠጣች ሴት ተናገረች። ሳትጨርስ ኢዮስያስ «ይህ የደበሌ ታሪክ ነው፣ የተሸለመበት» አለ።

«የኔ ነው» አለች። «ለውድድሩ ላክሁት፤ መልስ አልመጣልኝም። ኦብሳ ሰው ሊጠራ ገለምሶ ሲመጣ በቃሌ ነገርኩት፤ እሱም ደነገጠ።»

ለውድድሩ የሚላኩትን ጽሑፎች ተቀብሎ ለዳኞች የሚያሳልፈው ደበሌ እንደነበር አምስቱም ያውቁ ነበር። ስም የሌለው ጊዜ የማን እንደነበር ያን ጊዜ ገባቸው።

ደበሌ ትንፋሹን ለቀቀ። «ራስህ ተናገር፣ አለዚያ ቅዳሜ እሷ ታነበዋለች አለኝ። ሰው ፊት…» አቋረጠና ድንገት ረዲያን አያት። «ልገድለው አልፈለግሁም። ታሞ ዝግጅቱ እንዲቀር ነው። ሲጮህ ትከፍትለታለች ብዬ ነበር። ቁልፉ የሷ ነው። ብትከፍትለት አይሞትም ነበር።»

 ሁሉም ወደ ረዲያ ዞሩ። ግድግዳው እንደገና የቀረባት መሰላት። ዝም ካለች የደበሌ ቃል እውነት ሆኖ ይቀራል፤ ብትናገር ራሷን ታስይዛለች። ተነስታ ቆመች።

«ዋሽቼዎታለሁ ኢንስፔክተር» አለች። «በስሜ ጠርቶኛል። "ረዲያ" አለ፤ ያ አልተጻፈለትም። ሰማሁ፣ አልከፈትኩም። ያልከፈትኩት ግን ደበሌ ምንም ብሎ ቢጮህ እንዳትከፍቺ ስላለኝ ነው። አንዴ አይደለም፤ ሁላችሁም ፊት።»

«ብሏታል» አለ በክሪ።

«ብሏታል» አለ ኢዮስያስ።

ኢንስፔክተር አባይነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትከፍትለታለች ብሎ የሚያስብ ሰው አትክፈቺ ብሎ አይመክርም። በሩን የቆለፍከው አንተ ነህ ደበሌ፤ እሷ ቁልፉን ብቻ ነው የያዘችው።»

 ደበሌን ሲወስዱት ኢዮስያስ እስከ መኪናው አብሮት ሄደ።

የአዳራሹ በር ተከፍቶ ፀሐይ ገባ። ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በነፃ አሰናበቱ። በክሪ እፀገነትን ይዞ ወጣ። ረዲያ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ፌኔት መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስምሽን ሲጠራ እኔም ሰምቻለሁ» አለቻት። «የልቡን እየነገረሽ መስሎኝ ነው የሳቅሁት። ይወድሽ ነበር እኮ።»

ረዲያ አላለቀሰችም። «ከፍቼለት ቢሆን?» አለች።

ፌኔት አላባበለቻትም። «ከፍተሽለት ቢሆን ይኖር ነበር። እኔም ክፈቺለት ብዬሽ ቢሆን ይኖር ነበር። ብቻሽን አትያዢው።»

ከውጪ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ከገለምሶና ከሚኤሶ የመጡ እንግዶች ፊታቸውን አረንጓዴ ቀብተው፣ የካርቶን ቆብ ደፍተው፣ እየሳቁ ከሚኒባስ ይወርዱ ነበር። ምንም አልሰሙም።

«አንድ ሰው ሊነግራቸው ይገባል» አለች ረዲያ።

ፌኔት ተነስታ እጇን ዘረጋችላት። ተያይዘው በተከፈተው በር ወጡ።