ሦስት ንጹሕ ሳምንት

የጣቢያው ሠራተኞች «ነርሷ» ይሏታል። ነርስ ሆና አይደለም፤ ነጭ ጋውን ለብሳ፣ የበሽተኛ ደም እንደሚቀዳ ሁሉ ከየገንዳው ውሃ በጠርሙስ እየቀዳች ስለምትመረምር ነው። በዚህ አሮጌ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ከዚያ ሁሉ ዓመት አንድ አመል አትርፋለች። ከሰው ጋር ልታወራ ስትቆም አስቀድማ ነፋሱን ታያለች፤ ነፋሱ ከሰውየው ወደ እሷ በሚነፍስበት በኩል ዞራ ትቆማለች። ድሮ አንድ ልብስ ሰፊ ሊያገባት አስቦ፣ «ሥራሽ ልብስሽ ላይ ይቀራል» ብሏት ሄዷል። አልተጣላችውም። ዝም ብላ መቆሚያዋን ቀየረች።

በዚያ ዓመት ጣቢያው ይታደስ ጀመር። ከጣቢያው በታች ያሉት አትክልተኞች የውሃ ጉድጓዳቸው ደርቆባቸው ስለነበር፣ የከተማው ፍሳሽ በአዲስ አሸዋና ጀርም በሚገድሉ መብራቶች ተጣርቶ ለመስኖ እንዲወርድላቸው ተወሰነ። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ውሃው ሦስት ሳምንት በተከታታይ ንጹሕ ሆኖ ካልተገኘ ቧንቧው አይከፈትም። የመጨረሻዋን ፊርማ የምትፈርመው እሷ ናት።

አንድ አትክልተኛ ሐሙስ ሐሙስ በብስክሌት እየመጣ ይጠይቃታል። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ጥፍሩ ሥር አፈር የማይጠፋ ሰው ነው።

«በሽተኛችን እንዴት አደረ?»

«ትኩሳቱ አልለቀቀውም።»

«ሰላጣዬንም ይዞታል። ለእሱ የሚሆን መድኃኒት የለሽም?»

ትስቃለች። እሱ አንድ እርምጃ ሲጠጋ እሷ ዞር ትላለች። አንዳንድ ቀን እንዲህ ሲጠጋና ስትዞር ገንዳውን ሙሉ ዙር ይጨርሱታል። ሲሄድ ግን ኩርባው ጋ እስኪሰወር ጀርባውን ታያለች።

ቤት ገብታ የዛለ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ስትነክር፣ ያሳደገቻት አክስቷ ትመለከታታለች።

«ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ? ፊትሽ ሐሙስ ይመስላል።»

«ደክሞኝ ነው፣ አክስቴ።»

«እኔንም በደከመኝና እንዲህ ባማረብኝ!»

ከብዙ ውድቀት በኋላ አንድ ሳምንት ንጹሕ ወጣ። ሁለተኛውም ንጹሕ። በሦስተኛው ሐሙስ ናሙናው ያደረበትን ሳህን ከማሞቂያው ሳጥን አወጣችና ሰማያዊዎቹን የጀርም ነጥቦች ቆጠረች። ከአሥር ማለፍ የለባቸውም። አሥራ አራት ናቸው። ደግማ ቆጠረች። አሥራ አራት።

አለቃዋ በትከሻዋ ላይ አጮልቆ አየ። «አራት ነጥብ ናት የበለጠችው። የሰዎቹ ማሳ እየነደደ ነው፤ ፈርሚላቸውና ይገላገሉ።»

«ሰላጣ እኮ ሳይበስል ነው የሚበላው፣ ጋሼ።»

«ያ ባለብስክሌቱስ? ችግኙ ሳምንት አይቆይለትም።»

ብዕሩን አነሳች። የእሱ ፊት ድቅን አለባት። ከዚያ ደግሞ ያንን ሰላጣ ገዝተው የሚበሉ፣ መልካቸውን የማታውቃቸው ሰዎች መጡባት። «ጌታ ሆይ፣ እጄን ያዝልኝ» አለች በልቧ። ብዕሩን መልሳ አስቀመጠችና ወርዳ መብራቶቹን አየች፤ አንዱ መቃጠሉን፣ ተቀይሮም ቆጠራው ከአንድ መጀመር እንዳለበት በወረቀት ጽፋ ሰጠችው።

አትክልተኛው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ነገረችው።

«ሦስት ሳምንት እንደገና?»

«እንደገና።»

«ችግኞቼ አይደርሱም።»

«አውቃለሁ።»

ወደ እሷ ጠጋ አለ። ዞር አለች። ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እኔ የምልሽ፣ ውሃውን ብትከለክዪኝ ሥራሽ ነው። ግን ምን አድርጌሽ ነው የምትሸሺኝ? ይህን ያህል አስጠላሁሽ?»

ለመዋሸት እንኳ አቅም አልነበራትም።

«ነፋሱን ነው» አለች ድምጿ እየወረደ። «እንዳልሸትህ ነው።»

አያት። ከዚያ ብስክሌቱን ተደግፎ እስኪንገዳገድ ሳቀ።

«አንቺ! ነፋሱ እኮ ጠዋት ጠዋት ከዚህ ተነሥቶ እኔ ማሳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስንት ዓመት ስምገው ኖሬያለሁ! ሲብስበትማ፣ ዛሬ ፓምፑ ቆሟል እላለሁ። ደግሞ እኔ ፍግ ስዝቅ የምውል ሰው ነኝ። ማን ማንን ይሸሻል?»

መሳቅ ፈልጋ እንባዋ ቀደማት። እሱ ቀረብ ሲል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ይድረቁ፤ ሌላ እዘራለሁ» አለ። ድካም እንጂ ቂም የለበትም ድምፁ። «አንቺ ግን ለእኔ ብለሽ እንኳ እንዳትፈርሚ።»

ችግኞቹ ደረቁ። ሌላ ዘርቶ፣ ውሃ ከሩቅ በጀሪካን እያመላለሰ አቆያቸው። ሐሙስ ሲመጣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነው፤ ገንዳው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አራት ነጥብ። ሰባት ነጥብ። ሁለት ነጥብ።

ፈረመች። ከዚያ ቁልቁለቱን በእግሯ ወርዳ ማሳው ደረሰች። ቧንቧው መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ዝገት ተፋ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ ለቀቀ። ያጨበጨበ የለም። የሰላጣው መደብ ዳር ተቀመጡ።

«አክስትሽ ጋ መቼ ልምጣ?» አለ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል።

«ምን ልትል?»

«ካንቺ ጋር ልኑር ልላት ነዋ።»

«እኔ አልጠየቅም?»

«እየጠየቅሁሽ እኮ ነው። ለመጠየቅ የቀረኝ ጉልበት ይኼው ነው።»

«እሺ» አለች። «ነገ ና። ዛሬ እግሬ ዳገቱን አይችልም።»

መልስ ጠበቀች፤ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ጥሎታል። መደቡ ሞልቶ ሊፈስ ሆነ። አውልቆ ያስቀመጠውን ኮቱን ጠቅልላ ከራሱ ሥር አደረገችለት፤ ጫማዋን አወለቀች፤ ዶማውን አንሥታ ቀጣዩን ቦይ ከፈተች።