ይገባኛል ባይ

«ጻፊ እንጂ!» አላት አባቷ ከጀርባዋ ቆሞ። «‹ወንድም መንግሥቱ የመሪነት ይገባኛል ባይ እንጂ መሪ አይደለም› በይና ለሁሉም ላኪው።»

ኤልሻዳይ ስልኩ ላይ ግማሹን ጽፋ አቆመች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የሚኖሩበት የዓረብ አገር ሰፈር ሐዋሊ በኮሮና ምክንያት ከተዘጋ ወዲህ የአማኞች ኅብረታቸው የዓርብ ጠዋት አምልኮ በስልክ ስለሆነ፣ ሊንክ የምትከፍተውም ማስታወቂያ የምትልከውም እሷ ናት። ትልልቆቹ መጣላት እንጂ ሊንክ መክፈት የት ያውቁበታል!

ፓስተሩ ለለቅሶ አገር ቤት እንደሄዱ በረራ ቆመ፤ ስልካቸውም አይሠራም። ሲሰናበቱ ለአባቷ ለመርዕድ «አንተ አለህልኝ» ብለውት ነበር። ለጋሽ መንግሥቱም እንደዚያው። ሁለቱም ሹመት አድርገው ያዙት። ዛሬ አምልኮውን ለየብቻ ሊጀምሩ ነው፤ ጋሽ መንግሥቱ ሊንክ የሚከፍትላቸው ሌላ ሰው አግኝተዋል። ሁለቱም ጋ የሚጸለየው ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ኮሮና ይዟት ሆስፒታል ከተኛች ዘጠኝ ቀን ለሆናት ለኤልሻዳይ እናት ለአልጋነሽ።

«አባዬ፣ ይገባኛል ባይ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያልተሰጠውን የእኔ ነው ብሎ ድርቅ የሚል ነዋ!»

«እሳቸውም እኮ አንተን እንደዚያ ነው የሚሉህ።»

«እኔን ‹አንተ አለህልኝ› ብለውኛል አልኩሽ!»

«ለእኔም ‹አንቺ አለሽልኝ› ብለውኛል።»

አባቷ አልሳቀም። ስልኩ ጠራ። እናቷ ነበረች።

«ኤሊዬ... ሁለት ሊንክ ደረሰኝ» አለች፤ በየቃሉ መሐል ታርፋለች። «የቱ ጋ ልግባ? የአባትሽ ጋ ብገባ... እነ መንግሥቱ ይቀየሙኛል።»

ኤልሻዳይ ሄዳ የእናቷን እጅ መያዝ አትችል፣ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ማስታረቅ አትችል። እናቷ ኦክስጅን ተሰክቶላት እንኳን ስለ ቅያሜ ትጨነቃለች። ተናደደች፤ ምን እንደምታደርግ ግን አላወቀችም።

«የቱም ጋ አትግቢ፣ እማዬ» አለች በመጨረሻ። «ምንም አታውሪ። ስልኩን ብቻ እንዳትዘጊው።»

«ኧረ ሠላሳ ሰው እየጠበቀ ነው፣ ክፈችልኝ!» አለ አባቷ።

ኤልሻዳይ የጻፈችውን አጠፋች። ሊንኩንም አልከፈተችም። መኝታ ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው። አባቷ ያንኳኳል። ጮክ ብላ ጸልያ አታውቅም፤ በምን እንደሚጀመር እንኳን ግራ ገብቷታል። ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋችና እየተንተባተበች ለእናቷ መጸለይ ጀመረች።