የአስካለማርያም ተራ

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ቀን፣ ሕዝብ የዋሽንግተንን ምክር ቤት ጥሶ ገባ ተብሎ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ ሳለ፣ በቴክሳስ ግዛት በጋርላንድ ከተማ ዶኛ፣ ማለትም እመይቴ፣ ሬፉሂዮ የተባሉ፣ ከድንበሩ ወንዝ ማዶ የመጡ ሜክሲኳዊት ባልቴት፣ ስለ ኮሮና አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው፣ የሰብአ ሰገልን በዓል ዳቦ በሚኖሩበት የኪራይ ግቢ በየጎረቤቱ በር ያድሉ ነበር።

በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው ጎረቤታቸው አስካለማርያም ጾም ላይ ነበረችና ድርሻዋን ለልደት አኖረችው፤ በማግሥቱ ስትቆርሰው ጣት የምታህል የሕፃን ምስል ወጣች። የልጅ መጫወቻ በስሕተት የገባ መስሏት፣ አጥባ ልትመልስ ሄደች።

ዶኛ ሬፉሂዮ በሳቅ ፈረሱ። በተሰባበረ እንግሊዝኛም፦

“ይቺን ያገኘ ሰው በፌብሩዋሪ ሁለት ግቢውን ሁሉ ታማሌ ያበላል። ሃያ ዓመት ተቋርጦ አያውቅም! አሠራሩን አሳይሻለሁ” አሏት።

ታማሌ በአሳማ ሞራ ተመትቶ፣ በበቆሎ ቅጠል ተጠቅልሎ በእንፋሎት የሚበስል የበቆሎ ሊጥ ነው። አስካለማርያም ቃል ሰጠች፤ ነገር ግን ሳምንት ሳይሞላ ወረርሽኙ አሮጊቷን ሆስፒታል አስገባቸው።

“ሶ፣ ካንስል አድርጊዋ! በዚህ ጊዜ ማን ይጠይቅሻል?” አላት ባሏ ሀብቴ።

“እሳቸው ናቸዋ! ይሄ ከቀረ እኮ ተስፋ ይቆርጣሉ።”

በድግሱ ዋዜማ ማለዳ ሆስፒታል ስልክ ደወለችላቸው።

“ዶኛ፣ እኔ የአሳማ ሞራ አልነካም። በንጥር ቅቤ ቢሆንስ?”



“እናቴ ብትሰማ ትቆጣ ነበር” አሉ ዶኛ ሬፉሂዮ በኦክስጅኑ ድምፅ መካከል፤ “አድርጊው። ቁራሽ ሊጥ ውሃ ላይ ጣይ፤ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ከሰጠመ ደግመሽ ምቺው።”

ሰጠመ። መታችው፤ ደግሞ ሰጠመ። ክንዷ ዝሎ፣ እልህ ይዟት እንባዋ መጣ፤ ድግሱ ይቅር ሲል የነበረው ሀብቴም እጅጌውን ሰብስቦ ተቀበላት። በሦስተኛው ቁራሹ ተንሳፈፈ፤ አስካለማርያም እልል አለች።

ፌብሩዋሪ ሁለት በዋለበት ጥር ሃያ አምስት ቀን ባልና ሚስቱ ሃያ አራት በር አንኳኩ፤ ዶኛ ሬፉሂዮም ከአልጋቸው ላይ ሆነው በስልክ የእያንዳንዱን ጎረቤት ስም እየጠሩ “ደረሰው?” ይሉ ነበር። በመጋቢት በእግራቸው ቤታቸው ገቡ።

ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ሕመምና ሞት በቁጥር አኑረውታል፤ ስለ ሊጡ የጻፈ የለም፤ አይፈረድባቸውም። በዚያ ግቢ ግን ዛሬም ታማሌ የሚሠራው በንጥር ቅቤ ነው፤ አዲስ ተከራይ ምክንያቱን ሲጠይቅ፣ የሜክሲኮዎቹ ልጆች ሳያመነቱ “ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ እንዲህ ነው” ይሉታል።