ራስ ያዥዋ

«አጥብቀሽ ያዣት እንጂ! ምን ያፈዝሻል?» አለች እናቷ እመቤቴ።

ወርቅነሽ የታናሽ እህቷን የማሬን ራስ በጉልበቶቿ መካከል ይዛለች። እንጥል ሲቆረጥ ራስ የሚይዘው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመካከለኛዋን የትርንጎንም ራስ የያዘችው እሷው ነበረች።

ወጌሻው አያ እሸቴ ጋፋት ካሉት ብረት ቀጥቃጮች ያሠሩትን ጠማማ ቢላ እሳት ላይ አግለው ቀረቡ። «ክፈቺ ልጄ። ድምፅሽ እኮ ቅል ውስጥ የገባ ንብ መስሏል።»

«ታዲያ ማሩን ሊቆርጡ ነው?» አለች ማሬ፤ ፈርታም ቀልዷን አትተውም። አፏን ከፈተች።

ከምላሷ ሥር፣ ጉሮሮዋ ደጃፍ ላይ፣ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ እባጭ ተቀምጧል። ወርቅነሽ አወቀችው። የትርንጎም ይኸው ነበር።

«አያ እሸቴ፣ የማሬን እንጥል እኮ በአራስነቷ ቆርጠውታል። የትርንጎንም እንዲሁ። ታዲያ ይኸ ምንድን ነው?»

«ዳግም የበቀለ መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ትርንጎ በተቆረጠች ሰሞን እንደ ልቧ በላች፤ ጎረቤቱ እልል አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ግን ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ጎረነነ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትቀመጥ ነበር። አንድ ነገር ሲጠይቋት መልሷ እስኪመጣ ላም ይታለባል። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዷት፣ ጣራ ገዳም አስጠመቋት። በሁለተኛው ክረምት እንደተኛች ቀረች።

«ልጄን የገደላት ብርድ ነው» አለች እመቤቴ።

«ብርዱ የመጣው ከተቆረጠች ወዲህ ነው፣ እምዬ።»

አያ እሸቴ የማሬን አንገት በጣታቸው ዳሰሱ። «እዚህ ላይ ሰው ሁሉ ጥቂት ሥጋ አለው፤ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው። የዚች ባዶ ነው። ምናልባት ምላሷ ሥር የቀረው እሱ ይሆናል፤ የትርንጎንም ቆርጬ ያለ እሱ አስቀርቻት ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ? ስሙንም መድኃኒቱንም አላውቀው።»

«ካልተቆረጠስ?» አለች ወርቅነሽ።

«እያደገ ከሄደ ያንቃታል።»

ወርቅነሽ ጉልበቶቿን ከፈተች።

«አብደሻል? ይህችንም ልታስበዪኝ ነው?» ጮኸች እናቷ።

ማሬ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ካነቀኝስ፣ ወርቄ?»

«ያን ቀን እይዝሻለሁ። ዛሬ ግን አልይዝም።»

ማሬ ምራቋን ልትውጥ ሞከረች። በመጀመሪያው እባጩ ላይ ተይዞ እንቢ አላት፤ በሁለተኛው ወረደላት።