የገለታ አቋራጭ ቁልፍ

ገለታ ጉታ የተገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ በምሳ ሰዓት፣ በገዛ የወረቀት መቁረጫው የብረት እጀታ ነው። ኢንስፔክተር ወሰንየለሽ ስትደርስ ሰውየው ከአምቦ መናኸሪያ ጀርባ ባለችው፣ ማመልከቻ እየተየበ በሚያትምባት ሱቁ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። የራስ ቅሉ ሦስት ቦታ ተሰብሯል። ደሙ እስከ ፕሪንተሩ ተረጭቷል፤ የቁልፍ ሰሌዳው ግን በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ ያበራል። ወሰንየለሽ በሃያ ዓመት ሥራዋ ያላየችው ሬሳ የለም፤ እንዲህ ያለ ጭካኔ ግን አልገጠማትም።

ሬሳውን ያገኘችው የሟቹ ጸሐፊ ጊፍቲ ናት። ከምሳ ስመለስ ወድቆ አገኘሁት ባይ ናት፤ አቅፋው ስትጮህ ሰው ሲደርስ እጇ እስከ ክርኗ በደም ተነክሮ ነበር። ይባስ ብሎ ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ አንድ የታተመ ወረቀት ወጣ። «አንድ ነገር ብሆን ገዳዬ ጊፍቲ ናት። ደጋግማ ዝታብኛለች። ገለታ» ይላል። ከሰዓት በኋላ የሟቹ ዘመዶች ከጉደር በአይሱዙ ተጭነው መጡና ፖሊስ ጣቢያውን ከበቡ። ታላቅ ወንድሙ ጀቤሳማ ጥበቃውን ገፍትሮ ገብቶ ልጅቷን በጥፊ ከመሬት ደባለቃት።

«ማሎ፣ አዴ ወሰንየለሽ፣ ማሎ!» ብላ ተማጠነች ጊፍቲ፣ የደማ ከንፈሯን እየጠረገች። «ገለታን እንዴት እገድላለሁ? ከጎኔ የቆመልኝ እሱ ብቻ ነው።»

«በምን ጉዳይ ነው የቆመልሽ?»

ጊፍቲ በሩ ላይ የተኮለኮሉትን ወንዶች አየችና አንገቷን ደፋች። «ከአፌ አይወጣም» አለች።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ትቀርባለች፤ ያ ወረቀት እያለ ደግሞ ማረሚያ ቤት መውረዷ አይቀርም። ወሰንየለሽን ግን ወረቀቱ አልዋጥልሽ አላት። ሸሚዙ በደም ረጥቦ ሳለ ወረቀቱ ጫፉ ላይ ብቻ ነው የቀላው።

መጀመሪያ የሄደችው ግድግዳ ለግድግዳ የሚጎራበት ሌላ የጽሕፈት ሱቅ ወዳለው ወደ ሚልኬሳ ነው። ማመልከቻ እየተየበ ነበር። ዓይኑን ከእሷ ሳይነቅል ጣቶቹ ኮንትሮልና ፒ የሚባሉትን ቁልፎች፣ ከዚያም ኢንተርን ተጫኑ፤ ፕሪንተሩም ወረቀቱን ተፋ።

«ምን ልታዘዝ ኢንስፔክተር?»

«ገለታ ጋ ትገባ ነበር?»

«እኔ? ጊፍቲን ከእኔ ወስዶ ከቀጠራት ወዲህ ደጃፉን ረግጬ አላውቅም። ኮምፒውተሩንማ በዓይኔም አላየሁት። ልጅቷ ግን ቁጡ ናት፤ እኔ ጋ እያለችም አስቸግራኝ ነበር።»

«ምሳ የት በላህ?»

«እዚሁ፣ በሬን ዘግቼ።»

የኮምፒውተር ጠጋኙ ቀንዓ ደግሞ የገለታ ሱቅ ቁልፍ አለው፤ በዚያው ጠዋት ሁለቱ ሲጯጯሁ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ወሰንየለሽ።

«በሊኑክስ ነዋ! ኮምፒውተሩ የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ደንበኞችህ ግራ ተጋቡ፣ ዊንዶውስ ልመልስልህ ብለው አሻፈረኝ አለ። የቁልፍ ሰሌዳውን አቋራጮች እኔው ነኝ እሱ እንደሚመቸው የቀየርኩለት። እዚህ አገር መብራት መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም፤ ስንት ያልተቀመጠ ጽሑፍ ጠፍቶበታል። ስለዚህ ኮንትሮልና ፒ ሲጫን የስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጣል። ድምፅም ምልክትም የለውም።»

«ኮንትሮልና ፒ ማተሚያ አይደለም እንዴ?»

«ሌላ ቦታ አዎ። እሱ ያልታረመ ጽሑፍ እያተመ ወረቀት ሲፈጅ ልማዱን ለመተው ብሎ አስቀየረኝ። ለማተም ኤፍ ዘጠኝን ነው የሚጫነው። ይህንን የምናውቀው እሱ፣ እኔና ጊፍቲ ብቻ ነን።»

ወሰንየለሽ ገለታ ሱቅ ወስዳ ድብቁን ፎልደር አስከፈተችው። የመጨረሻዎቹ ስድስት ፎቶዎች ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጊፍቲን በካቴና፣ ቀንዓን፣ ሚልኬሳንና ጀቤሳን ገለታ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ወለሉ ላይ የደረቀው ደም ጠቁሯል። ስክሪኑ ላይ አንድ ገጽ ተከፍቷል።

«ሚልኬሳ፣ ይህቺን አትምልኝ» አለች።

ሚልኬሳ ተቀመጠ። እጆቹ ወደ ቁልፎቹ ሄዱና አየር ላይ ቆሙ። ከዚያ ማውዙን ያዘ፤ ፋይል የሚለውን ከፍቶ ማተሚያውን ፈልጎ ነካ። ወረቀቱ ወጣ።

«ለምን በማውዝ? ትናንት ሱቅህ ውስጥ ሳታይ ነበር ኮንትሮልና ፒን የተጫንከው።»

«እዚህ አይሠራማ» አለ ሚልኬሳ።

ወዲያው እሱም ምን እንዳለ ገባውና ከወንበሩ ተነሣ።

«በዓይንህም ያላየኸው ኮምፒውተር ላይ እንደማይሠራ ማን ነገረህ?» አለች ወሰንየለሽ። «እኔ ልንገርህ። ኪሱ ውስጥ የተገኘውን ወረቀት ገለታ አልጻፈውም፤ ደሙ መርጋት ከጀመረ በኋላ የተከተተ ነው። የጻፈው ሰው እዚህ ወንበር ላይ፣ ሬሳው እግሩ ሥር ተዘርግቶ ሳለ ተቀምጦ ነበር። ሊያትም ኮንትሮልና ፒን ተጫነ፤ እምቢ አለው። ደገመው፣ ሰለሰው። አምስት ጊዜ! ኮምፒውተሩም የዚያን ወረቀት አምስት ፎቶ አነሣ፤ ሁሉም ሰባት ሰዓት ከዐሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ። በመጨረሻ እንደ ዛሬው በማውዝ አተመው። ጊፍቲ ወይም ቀንዓ ቢሆኑ ኤፍ ዘጠኝን አንዴ ተጭነው በጨረሱ። ገዳዩ መተየብ እጁ የለመደ፣ ይህን ማሽን ግን የማያውቅ ሰው ነው።»

«ወንድሜን ምን አድርጎት?» አለ ጀቤሳ።

«ስድስተኛው ፎቶ ይናገራል። የተነሣው በዚያው ጠዋት ነው። ሚልኬሳ በር ዘግቶ በቀበቶ እንዴት ይገርፋት እንደነበር ጊፍቲ ለፖሊስ ያዘጋጀችው አቤቱታ ነው። ሚልኬሳ፣ ፋይሉን አጥፍተኸዋል። ፎቶው እንዳለ ግን አላወቅክም።»

ሚልኬሳ ስክሪኑን በሁለት እጁ ነቅሎ ወደ እሷ ወረወረው፤ ትከሻዋን መትቶ ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። «ሲያወሩ በግድግዳው ሰምቼ አቤቱታዋን ቅደዳት አልኩት! ሳቀብኝ! ነገ ለፖሊስ እንሰጣታለን ብሎ ሳቀብኝ!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ። ጀቤሳ ጠልፎ ጣለው፤ ደረቱ ላይ ወጥቶ ፊቱን እስኪደማ ቀጠቀጠው፤ አንገቱንም አነቀው። ወሰንየለሽና ሁለት ፖሊሶች እየጎተቱ በስንት መከራ አስለቀቁት።

«ተወው፣ ኦቦ ጀቤሳ! ይህን ሰው ፍርድ ቤት በሕይወት እፈልገዋለሁ!»

ጀቤሳ እያለከለከ ተነሣ። የጊፍቲን ያበጠ ከንፈር አየና ያጠፋ እጁን ከኋላው ደበቀ። «ይቅር በይኝ» አለ። እሷ ካቴናዋ እንዲፈታላት እጆቿን ወደ ወሰንየለሽ ዘረጋች።

ቀንዓ ሌላ ስክሪን ከመጋዘን አምጥቶ ሰካ። ካቴናዋ የተፈታላት ጊፍቲ በገለታ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ስድስተኛውን ፎቶ ከፈተችና ኤፍ ዘጠኝን ተጫነች። ወረቀቱ ሲወጣ ሁሉም እያያት ፈረመችበት፤ ለወሰንየለሽም ሰጠቻት።

«ትናንት የጠየቁኝ ጉዳይ ይሄ ነው» አለች።