በጎኑ የተያዘው መለኪያ

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለ ጋሼ በሹክሹክታ።

ድንቢጥ ቆመች። ድንቢጥ የሥራ ስሟ ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን እዚህ ጋራዥ ውስጥ የሚያውቀው አለቃዋ ጋሼ ብቻ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ሳጥን አለ። ሻጩ ወፍራሙ ሰውዬ ሽጉጡን ይዞ በሩን ተደግፏል። ሳጥኑ ውስጥ ከፋብሪካ የተሰረቀ ጨረር የሚተፋ የብረት ፍሬ አለ ተብሏል። ዛሬ ካልተያዘ የከተማው ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል።

ሁለቱም የደኅንነት ሰዎች ናቸው፤ ገዢ መስለው ነው የገቡት። እሱ ይለካል፤ ከሃያ ካለፈ ዕቃው አለ ማለት ነው፤ እሷ ትደውላለች። ዕቃው ካለ «ልጁ ትኩሳት አለው»፣ ከሌለ «ልጁ ተኝቷል»። ውጭ ያደፈጡት ባልደረቦቻቸው በሩን የሚሰብሩት ትኩሳቱን ሲሰሙ ብቻ ነው።

ጋሼ የሳጥኑን ክዳን ገርበብ አድርጎ የጨረር መለኪያውን አስጠጋ።

«ስምንት! ሃያ እንኳ አልሞላም። ባዶ ሳጥን ልትሸጥልን ነው፣ አንተ ሌባ?»

«ሌባ ሌባን ቢሰርቅ ምን ይደንቃል?» ሳቀ ወፍራሙ።

ሳቁ ደስ አላላትም።

«በይ ልጄ፣ ቤት ደውይና ልጁ መተኛቱን ጠይቂ።»

ስልኳን አወጣች። ዓይኗ ግን መለኪያው ላይ ቀረ።

በጎኑ ነው የያዘው።

የዚህ ፍሬ ጨረር ደካማ ነው። መለኪያው ደግሞ የተስተካከለው በጠንካራ ጨረር ነው። ደካማው በጎን ሲመጣ ባትሪውና ሽፋኑ ይውጡታል። ለዚያ ነው ጀርባው ላይ «ደካማ ጨረር በጎን ከተለካ በአራት ይባዛ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈው። ስምንት በአራት ሠላሳ ሁለት።

ዕቃው አለ።

ተሳስቶ ይሆን? «መጀመሪያ ፊቱን ወደ ዕቃው አዙሪ» ብሎ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው።

አልተሳሳተም። ሸጦናል።

የጋሼ እጅ ኮቱ ውስጥ ገባ። «አምላኬ፣ ዛሬ አትለየኝ» አለች በልቧ። ስልኩ ተነሳ።

«ሄሎ?»

«ልጁ... ልጁ ትኩሳት አለው!»

ተኩስ።

የተኮሰው ጋሼ ነው።

በሩ ተገነጠለ። ጩኸት፣ ጫማ፣ ጭስ። ወፍራሙ መሬት ላይ ተዘረረ። አንዱ ባልደረባዋ የመለኪያውን ፊት ወደ ሳጥኑ ሲያዞረው ቀስቱ ዘለለ።

ጋሼ እጁ ታስሮ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ዝም ብትዪ ምን ነበረበት፣ ልጄ?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ፣ ጋሼ?»

እሷ የግራ እጇን በመሀረብ ጠቀለለች። የእሱ ጥይት ሁለት ጣቶቿን ወስዷል።

ቁስሉ ከጠገገ በኋላ በሌላ ስም አውቶቡስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት እጇን አየች።

«ውይ እህቴ! ምን አገኘሽ?»

«ወፍጮ።»

«እንኳን እግዜር አተረፈሽ! ከወፍጮ ጋር ማን ይታገላል?»

ሴትዮዋ ጠዋት ከቧንቧ የቀዳችውን ውኃ አውጥታ ለልጇ ሰጠችው። ልጁ ግጥም አድርጎ ጠጣው።

ድንቢጥ ጠጥቶ እስኪጨርስ አየችው። ከዚያ «ወራጅ አለ!» ብላ ወረደችና ሰው መሀል ገባች።