አንድ ሰው ወይስ ሁለት

«ይህ አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያዩ ሰዎች?»

ጥያቄውን ያቀረበው ስልኳ ነው። ማኑሄ የፊዚክስ ደብተሯን ገፋ አድርጋ አነበበችው። ከሥሩ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ራሷ ናት፤ ጸጉሯን አጭር ተቆርጣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ የተነሳችው። ሌላኛው ወንድሟ ሚሊዮን ነው። ሚሊዮንን ጦር ኃይሎች አካባቢ መኪና ገጭቶ ከገደለው ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል።

አገጩ የሷ አገጭ ነው፤ ግንባሩም የሷ።

የቤተሰቡን ፎቶዎች ኢንተርኔት ላይ፣ ፎቶ በሚያከማች አገልግሎት ያስቀመጠው ሚሊዮን ራሱ ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ ግን አገልግሎቱ ማንም ሳይጠራው ያመጣዋል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ «ከሦስት ዓመት በፊት በዛሬዋ ዕለት» ብሎ ከነሙዚቃው ብቅ አደረገው። ሌላ ቀን የመቃብሩን ፎቶዎች ሰብስቦ «የማይረሳ ጉዞ» የሚል ርዕስ ሰጣቸው።

በማግስቱ ለክፍል ጓደኛዋ ለረሻድ አሳየችው። ረሻድ የኮምፒውተር ነገር የሚሆንለት ልጅ ነው።

«ፊታችሁን እየለካ ነዋ» አላት። «የት እንደነበራችሁ፣ ከማን ጋር እንደነበራችሁ፣ ሁሉንም ይይዛል።»

«የሞተ ሰውንም?»

«እሱ ሞት ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?» ረሻድ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሌላ አፕ አለ። ፎቶውን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው፤ የድርጅቱ ሰዎች እንኳ ከፍተው አያዩትም። ግን ሃያ አራት የቁልፍ ቃላት ይሰጥሻል። ስልክሽም ቃላቱም ከጠፉ አለቀ፤ ማንም አይመልስልሽም።»

«ማንም?»

«የምሬን ነው። ማንም።»

ቅዳሜ ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ ይዛ ፎቶዎቹን ወደ አዲሱ አፕ ስትገለብጥ ዋለች። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፎቶ። አመሻሹ ላይ ሁሉም ተሻገረ፤ የቀረው አሮጌውን አካውንት ማጥፋት ብቻ ነበር።

ማኑሄ ቤት ከተመለሰች በኋላ እናቷ ከሱቅ ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ዛሬ አልመጣም?»

«ማን?»

«ወንድምሽ።»

ማኑሄ ደነገጠች። የሚሊዮን ፎቶ ስልኩ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር እናቷ ፊቷን አዙራ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠልታው ይመስላት ነበር።

«ሲመጣ'ኮ በሩን ከፍቶ የገባ ነው የሚመስለኝ» አለች እናቷ። «ሳይመጣ ሲውል ቅር ይለኛል።»

ማኑሄ ጥያቄውን ከፍታ ስልኩን ሰጠቻት። እናቷ አንዱን ፎቶ አየች፣ ሌላውን አየች፣ ደግማ አየች።

«በስመ አብ! አንቺንም ከእሱ ጋር ሊደምርሽ ነው?»

«ልዘጋው ነበር፣ እማዬ። ሌላ ቦታ ቆልፌ አስቀምጬዋለሁ፤ መክፈቻው ሃያ አራት ቃላት ናቸው፣ እነሱ ከጠፉ አለቀ። እዚያ ግን በራሱ አይመጣም። ስንፈልገው እኛ ነን የምንሄድለት።»

ውጭ የታክሲ ረዳት «ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!» እያለ ይጣራል። እናቷ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቀችና የጸሎት መጽሐፏን አወጣች፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ የልጆቿ የክርስትና ስም የተጻፈበትን።

«ያሉሽን ቃላት አሳዪኝ። እዚህ ላይ በእጄ እጽፋቸዋለሁ።»

«እንግሊዝኛ ናቸው እኮ።»

«እንደ ሥዕል እገለብጣቸዋለሁ።»

አንድ በአንድ ጻፈቻቸው። ማኑሄ ፊደሎቹን ሁለት ጊዜ አመሳከረች። ከዚያ «አካውንቱን አጥፋ» የሚለውን ከፍታ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። እናቷ አልከለከለቻትም፤ ተጫኚው ብላም አላዘዘቻትም። ማኑሄ ተጫነችው።

ስልኩ ጸጥ አለ።

«በይ» አለች እናቷ፣ መነጽሯን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ «አዲሱን ክፈቺው። ገና ዳዴ ከሚልበት እንጀምር።»